ማስታወቂያውን በጽሑፍም እንላከው



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ዓይነ ስውር ወንድማችን አብሮን ተምሮ አብሮን ይመረቃል። ሥራ ፍለጋው ሲጀመር ግን ወደ ኋላ ይቀራል። አንዱ ምክንያት እኛው ዘንድ ነው፦ የክፍት ሥራ ማስታወቂያን በቴሌግራም የምንለዋወጠው በፎቶ ነው። በስልኩ ጽሑፍ የሚያነብለት ሶፍትዌር ደግሞ ፎቶ ላይ ያለውን አማርኛ ብዙ ጊዜ አያነብለትም።

ሕጉ ከጎኑ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ ተወዳዳሪ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካመጣ ቅድሚያ እንዲሰጠው ይላል። ማስታወቂያው ሳይደርሰው ላልተመዘገበ ሰው ግን ነጥቡ ከየት ይመጣል?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዓይነ ስውሩን ሶሐባ ዐብደላህ ኢብን ኡሚ መክቱምን (ረ.ዐ) ሙአዚን አድርገዋቸዋል፤ ለጉዞ ሲወጡም ሰዎችን በሶላት እንዲመሩ መዲና ላይ ተክተዋቸዋል። አደራ ሰጥተዋቸዋል ማለት ነው።

እኛ ለሰደቃ እጃችን አይሰስትም፣ አልሐምዱሊላህ። ሰደቃ የዛሬን ይሸፍናል፤ ሥራ ግን ቤት ያቆማል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከፎቶው ሥር ማስታወቂያውን በጽሑፍ እናስፍረው፤ ለምዝገባም አብረን እንሂድ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ኢንሻአላህ ለአንድ ወንድም ወይም እህት ሪዝቅ ሰበብ እንሆናለን።