ባለቤት ያልነበረው መጠለያ፦ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ፣ ሲንሲናቲ እና የእድሮቻችን ጉዳይ

ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ከሮማ በስተሰሜን፣ በቲቤር ወንዝ ሸለቆ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ በዓለም የዜና ማሰራጫዎች በስፋት የተነሣው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ማርች 24 ቀን 2016 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በምዕራባውያን ጸሎተ ሐሙስ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮ በከተማዋ ወደሚገኘው የጥገኝነት ጠያቂዎች ማዕከል ሄደው የ12 ሰዎችን እግር ባጠቡ ጊዜ ነበር። ከ12ቱ ሦስቱ ከኤርትራ የመጡ ኦርቶዶክሳውያን ሴቶች ነበሩ። ሁለተኛው በጃንዋሪ 2019 ሆነ። ከ500 በላይ ሰዎች ያስጠልል የነበረው ይኸው ማዕከል እንዲዘጋ ተወሰነ፤ ነዋሪዎቹም በጥቂት ቀናት ማስጠንቀቂያ በአውቶቡስ እየተጫኑ ወደ ተለያዩ አውራጃዎች ተበተኑ።

በዚያ ሳምንት የሆነው ነገር በዝርዝር ሊታወስ ይገባዋል። በከተማዋ ትምህርት ቤቶች የተመዘገቡ ሕፃናት የትምህርት ዘመኑ እኩሌታ ላይ ሳይደርስ ከክፍላቸው ወጡ። የምክር ቤት አባሏ ሮሴላ ሙሮኒ ከአውቶቡስ ፊት ቆመው ጉዞውን ለማገድ ሞከሩ። ከንቲባው ሪካርዶ ትራቫሊኒ አንዲት ሶማሊያዊት ስደተኛን በገዛ ቤታቸው ተቀበሉ። የከንቲባው ቸርነት የሚመሰገን ቢሆንም፣ አንድ ከንቲባ ቤቱን እስኪከፍት ድረስ የሚያደርስ ሕግ ግን ሊመረመር ይገባዋል። በ2018 የወጣውና በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን ሕግ ቁጥር 132 ሆኖ የጸደቀው የጸጥታ ድንጋጌ በሰብአዊ ምክንያት ይሰጥ የነበረውን ጥበቃ ሰረዘ። በዚህ ጥበቃ ፈቃድ ያገኙ ሰዎችም በሁለተኛው እርከን መጠለያ የመግባት መብታቸውን አጡ። ማዕከሉ ሲዘጋ እነዚህ ሰዎች የሚሄዱበት ሕጋዊ በር አልነበረም።

ሚኒስቴሩ ያቀረበው ምክንያት ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ ነበር ማለት አይቻልም። ትልልቅ ማዕከላት ውድ ናቸው፣ ለቁጥጥር ያስቸግራሉ፣ ሰውን ከከተማ ኑሮ ይነጥላሉ፤ ይህን የመብት ተሟጋቾችም ደጋግመው ብለውታል። ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው። ውሉ በመንግሥትና በአስተዳዳሪው የኅብረት ሥራ ማኅበር መካከል የተፈረመ ነበር። መንግሥት ውሉን ሲያቆም ያ ሁሉ አገልግሎት፣ የቋንቋ ትምህርቱም፣ ሕክምናውም፣ ከጎረቤት ጋር የተለመደው ሰላምታም፣ አብሮ ቆመ። ከነዋሪዎቹ ወገን «ይህ የእኛ ነው» ብሎ በሕግ ፊት የሚቆም አካል በሥርዓቱ ውስጥ መቀመጫ አልተሰጠውም ነበር።

ከዚያው ከሮማ ብዙም ሳይርቅ፣ በባሕሩ ዳር ባሉት በኦስቲያና በላዲስፖሊ፣ ከ1970ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ሌላ ዓይነት መጠለያ ነበር። ከሶቪየት ኅብረት በቪዬና በኩል የወጡ በሺዎች የሚቆጠሩ አይሁዳውያን የአሜሪካን ቪዛ የሚጠባበቁት በዚያ ነበር። የኖሩት ከአካባቢው ሰዎች በተከራዩት አፓርታማ እንጂ በአጥር በተከለለ ማዕከል አልነበረም። የኪራይና የምግብ ገንዘባቸውን የሚሰጠው ጆይንት የተባለው የአሜሪካ አይሁዳውያን የርዳታ ኮሚቴ፣ የጉዞ ፋይላቸውን የሚያዘጋጀው ሂያስ፣ እንግሊዝኛ የሚያስተምራቸው ደግሞ ኦርት ነበር። ሦስቱም የአይሁድ ማኅበረሰብ ያቋቋማቸው ድርጅቶች ናቸው። በአስርቱ ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ሮማ ላይ የአንዳንዶቹን የስደተኝነት ጥያቄ ውድቅ ማድረግ ሲጀምሩ፣ እነዚሁ ድርጅቶች ጉዳዩን ወደ ዋሽንግተን ወሰዱት። በ1989 በሴናተር ፍራንክ ላውተንበርግ ስም የሚጠራው ማሻሻያ ጸደቀ፤ ለእነዚህ ጠያቂዎች የማስረጃ ሸክሙን አቀለለ። የካስቴልኑቮ ነዋሪዎች እንዲህ ያለ ክንድ አልነበራቸውም።

ይህ ክንድ በአንድ ቀን የበቀለ አይደለም። ሥሩን ለማየት ወደ አንድ የአሜሪካ ከተማ፣ ወደ ኦሃዮዋ ሲንሲናቲ መሄድ ይጠቅማል። በ1821 በከተማዋ የነበሩት ጥቂት አይሁዳውያን ከሁሉ አስቀድመው የገዙት የመቃብር ቦታ ነበር። ጉባኤያቸውን ያቋቋሙት ከዚያ በኋላ፣ በ1824 ነው። ኮሌራ በ1849 ከተማዋን ከመታ በኋላ፣ በ1850፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የአይሁድ ሆስፒታል በዚያው ተከፈተ። ቦስተን በ1895፣ ሲንሲናቲ ደግሞ በተከታዩ ዓመት የተበታተኑትን የበጎ አድራጎት ማኅበራት በአንድ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሥር አዋሐዱ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህ ቅደም ተከተል መነሻ እንግዳ አይሆንበትም፤ መጀመሪያ ሙታንን በክብር መቅበር፣ ከዚያ የታመመውን መጠየቅ፣ ከዚያ ድሃውን መደገፍ ነው። እድር የተሠራው ከዚሁ ነገር ነው። ልዩነቱ የሲንሲናቲው ተቋም ከቀብር አልፎ ወደ ሆስፒታልና ወደ ሕግ መሄዱ ነው።

ታሪኩን እንደ ቅዱሳን ገድል ማንበብ ግን ስሕተት ይሆናል። ቀድመው የደረሱትና የበለጸጉት የጀርመን አይሁዳውያን ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡትን ድሆች ወገኖቻቸውን እንደ ሸክም የሚያዩበት ጊዜ ነበር። «ሳይንሳዊ በጎ አድራጎት» በሚል ስም ርዳታ ጠያቂው ሁሉ ይመረመር፣ ቤቱ ይጎበኝ ነበር። በ1901 የተቋቋመ አንድ ቢሮ ደግሞ ስደተኞችን ከኒው ዮርክ እያነሣ ሲንሲናቲን ወደ መሳሰሉ የመሐል አገር ከተሞች ይልክ ነበር። ከካስቴልኑቮ አውቶቡሶች የሚለየው የሚሄዱበት ከተማ የሚቀበላቸው ኮሚቴ ያለው መሆኑ ነው፤ ይህ ግን ትንሽ ልዩነት አይደለም። አዲስ መጤዎቹም ቅር ሲሰኙ የትውልድ መንደራቸውን ስም የያዙ የራሳቸውን የመረዳጃና የቀብር ማኅበራት አቋቋሙ። ለእኛ ማኅበራት በብሔር፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ መከፋፈል ተስፋ የሚቆርጡ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው፤ ቦስተንና ሲንሲናቲም የተዋሐዱት ገንዘቡን እንጂ ሃይማኖታዊ ልዩነታቸውን አይደለም።

ከምሥራቅ አፍሪካ የወጡ ስደተኞችም ይህን መንገድ አልሞከሩትም አይባልም። በ1983 በቨርጂኒያ አርሊንግተን በዶክተር ፀሐዬ ተፈራ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ከአሜሪካ ብሔራዊ የስደተኞች ማስፈሪያ ድርጅቶች አንዱ ለመሆን በቅቷል፤ የሚያስተናግደውም ኢትዮጵያውያንን ብቻ አይደለም። ሮማ ውስጥ አባ ሙሴ ዘርአይ በ2006 ያቋቋሙት ሐበሻ ኤጀንሲ በባሕር ላይ ካሉ ጀልባዎች የሚመጡ የድረሱልን ጥሪዎችን ለባሕር ጠባቂዎች ሲያደርስ ኖሯል። ግን ከጥሪው በኋላ ያለው፣ ቤትና ሥራ ማግኘቱ፣ ባዶ ቦታ ሆኖ ቆይቷል። ለዚህ ማስረጃ የሚፈልግ ኦገስት 2017ን ያስታውስ። በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ በኩርታቶኔ ጎዳና ያለውን ሕንፃ ይዘው ከሚኖሩበት የተባረሩት አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ጥገኝነታቸው የተፈቀደላቸው ሆነው ሳለ በኢንዲፔንዴንሳ አደባባይ በውኃ መድፍ ተበተኑ። ወረቀቱ ነበራቸው፤ ከወረቀቱ ቀጥሎ የሚያስገባቸው ተቋም ግን አልነበረም።

እንግዲህ በሕግ አውጪዎች ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ያለበት ምንድን ነው? ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የአሜሪካ ኮንግረስ በ1979 የጀመረው የተጓዳኝ ድጋፍ ሥርዓት ነው። የተጀመረው በአብዛኛው ለሶቪየት አይሁዳውያን ነበር፤ ኋላ ለሌሎች ስደተኞችም ተዳረሰ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ መንግሥት ለእያንዳንዱ ስደተኛ የተወሰነ ገንዘብ ይመድባል፤ ድርጅቱም ከማኅበረሰቡ በገንዘብ ወይም በዓይነት፣ ለምሳሌ በአልጋ፣ በልብስ፣ በበጎ ፈቃደኛ ሰዓት፣ አሰባስቦ ድርሻውን ይጨምራል። እድሮች በየወሩ መዋጮ መሰብሰብን ከማንም በላይ ያውቁበታል። ኢጣሊያ ለአንድ ሰው በቀን እስከ 35 ዩሮ ትከፍል የነበረውን በ2018 ወደ 19 እና 26 ዩሮ መካከል ስታወርድ፣ የቋንቋ ትምህርትና የሥራ ምክር ከመጀመሪያዎቹ ተቆራጮች መካከል ነበሩ። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ በተጓዳኝ መልክ ለማኅበረሰብ ማኅበራት ቢመደብ፣ ተመሳሳይ ቅነሳ በመጣ ጊዜ የሚተርፍ ነገር ይኖራል።

ከዚህ ጋር ሁለት ማሻሻያዎች ይያያዛሉ። አንደኛው፣ ማዕከል ሲዘጋ ሕፃናት ያሏቸው ቤተሰቦች የትምህርት ዘመኑ ሳያልቅ እንዳይዛወሩ የሚከለክልና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጊዜ የሚወስን አንቀጽ ነው። ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለተኛው ይከብዳል፦ በ2023 የወጣው ሕግ ቁጥር 50 አብዛኞቹን ጥገኝነት ጠያቂዎች በማዘጋጃ ቤቶች ከሚመራው የመቀበያ መረብ አስወጥቶ ወደ ትልልቆቹ ማዕከላት መልሷቸዋል። ካስቴልኑቮን ለመዝጋት «ትልቅ ማዕከል አይበጅም» ተብሎ ነበር፤ ያው ክርክር ዛሬ ይህን ሕግ ለማሻሻል መጠቀስ አለበት። የዚያን ጊዜው ንግግር በምክር ቤቱ መዝገብ ስላለ ረዳቶች ሊያወጡት ይችላሉ።

በማኅበረሰቡ በኩልም የቤት ሥራ አለ። በኢጣሊያ ያሉ እድሮችና መረዳጃዎች በልማድ ብቻ እስከሠሩ ድረስ ውል መፈረም፣ ቤት መከራየት፣ ፍርድ ቤት መቆም ሊከብዳቸው ወይም በአንድ ሰው ስም ለመሥራት ሊገደዱ ይችላሉ። የ2017 ድንጋጌ ቁጥር 117 ለበጎ አድራጎትና ለመረዳጃ ማኅበራት ግልጽ ሕጋዊ መልክ ሰጥቷል፤ ብሔራዊ መዝገቡም ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። መመዝገብ የሒሳብ መግለጫና የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ይጠይቃል። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ የሚያዋጣ እድር የሒሳብ ደብተር አያጣም፤ የጎደለው ደንቡን በጣሊያንኛ አዘጋጅቶ ምዝገባውን የሚያስፈጽም የሕግ ባለሙያ ነው። የተሟጋች ድርጅቶች ከሚቀጥለው የበጀት ክርክር በፊት ለጥቂት እድሮች ይህን አገልግሎት በነፃ ቢያቀርቡ፣ ረዳቶች ለኮሚቴዎቻቸው ምስክርነት የሚጠሩት ሕጋዊ ስምና አድራሻ ያለው አካል ያገኛሉ።