ሙታንን የሚያሠራው ገበያ

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰብ ኑሮ ተነጥሎ በራሱ የሚበቅል ነገር አይደለም። አንድ ኅብረተሰብ የሚፈራውን ነገር በምን መልክ እንደሚሥለው የመረመረ ሰው፣ በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ ማን ማንን እንደሚያሠራና ማን በማን ድካም እንደሚኖር ለማወቅ ሩቅ መንገድ መሄድ አያስፈልገውም። አስፈሪ ታሪክ ስለ ጭራቁ ብቻ አይናገርም፤ ጭራቁን ስላሳደገው ቤትም ይናገራል። ከዚህ አኳያ ሲታይ፣ ከአሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው «ዘ ዎኪንግ ዴድ»፣ ማለትም «የሚራመዱት ሙታን» የተሰኘው ተከታታይ ታሪክ፣ እንደ ተራ መዝናኛ ታይቶ የሚታለፍ ሳይሆን ጥብቅ ሂስ የሚገባው ሥራ ነው።

ታሪኩ በ2003 ዓ.ም. በሥዕላዊ መጽሔት መልክ መታተም ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደራሲው ሮበርት ከርክማን ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት እትሞች የሣለው ቶኒ ሙር ሲሆን፣ ከሰባተኛው እትም አንሥቶ እስከ ፍጻሜው የሣለው ደግሞ ቻርሊ አድላርድ ነው። በጥቁርና በነጭ የተሣለው ይህ ሥራ በ2019 ዓ.ም. በ193ኛው እትም ተፈጸመ። ከ2010 እስከ 2022 ዓ.ም. ኤ.ኤም.ሲ. የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ በ11 ምዕራፎችና በ177 ክፍሎች አቀረበው፤ በ2014 ዓ.ም. የአምስተኛውን ምዕራፍ መክፈቻ ከ17 ሚሊዮን የሚበልጥ ተመልካች አየው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ቴልቴል የተባለ ኩባንያ የቪዲዮ ጨዋታ አድርጎ አወጣው።

የታሪኩ መነሻ ቀላል ነው። ሪክ ግራይምስ የተባለ የትንሽ ከተማ ፖሊስ ቆስሎ ከተኛበት ሆስፒታል ከሰመመን ሲነቃ፣ መንግሥትና ሕግ ፈርሰው፣ ሙታን ተነሥተው ሕያዋንን ሲበሉ ያገኛል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ከሞት የተረፉ ጥቂት ሰዎች መጠለያ ፍለጋ የሚያደርጉት ጉዞና እርስ በርስ የሚገጥሙት ጦርነት ነው። የዚህ ሥራ ዋና ጉድለት ደም ማብዛቱ አይደለም። ዋና ጉድለቱ፣ ከባሪያ ስቃይ የተወለደን ምስል ወስዶ ትርጉሙን መገልበጡ፣ ተበዳዩንም ያለ አንዳች የኅሊና ወቀሳ የሚተኮስበት መንጋ ማድረጉ ነው።

ዞምቢ የተወለደው በፊልም ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም። የትውልድ ቦታው ሄይቲ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ላይ፣ ሳን ዶማንግ ይባል በነበረው በዚያ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት፣ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ አፍሪካዊ በባርነት በሸንኮራና በቡና እርሻ ላይ ይማቅቅ ነበር። ለዚያ ሕዝብ ሞት ዕረፍት ነበር፤ ነፍስ ባሕሩን ተሻግራ ወደ አባቶች አገር፣ ወደ አፍሪካ ትመለሳለች ተብሎ ይታመን ነበርና። ስለሆነም ከሞት የከፋው ፍርሃት፣ ሞቶም ከእርሻው አለመላቀቅ ሆነ። ዞምቢ ማለት ይኸው ነው፤ ፈቃዱ ተወስዶ፣ ከመቃብር ወጥቶ፣ ለጌታው ያለ ደመወዝ የሚቆፍር በድን። የሄይቲ ባሪያ ዞምቢን የፈራው ይበላኛል ብሎ አልነበረም፤ እሱን እሆናለሁ ብሎ ነበር እንጂ። ይህ ፍርሃት ያደረበት ሕዝብ በ1791 ዓ.ም. ተነሥቶ፣ የናፖሊዮንን ጦር ድል አድርጎ፣ በ1804 ዓ.ም. ነጻነቱን አወጀ።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ታሪክ እንደ ባዕድ ታሪክ ሊያየው አይገባም። ፋሺስት ኢጣልያ በ1935 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር፣ በጄኔቫው የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሞ ስለ ኢትዮጵያ ከተሟገቱት ጥቂቶች አንዱ የሄይቲው መልእክተኛ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ነበር። ከዚህም በላይ፣ የዚህ ምስል አምሳያ በኢትዮጵያም ገጠር ይገኛል። በመንዝና በሌሎችም አካባቢዎች፣ ቡዳ የተባለው ሰው በዓይኑ የበላውን ሰው ከተቀበረበት በሌሊት አውጥቶ በቤቱ ባሪያ አድርጎ ያሠራዋል ተብሎ ሲነገር ኖሯል። በሁለቱም አገሮች ሰው ሊያስበው የቻለው እጅግ የከፋ ዕጣ ከሞት በኋላ የሚቀጥል ሎሌነት ነው።

ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ልዩነት አለ። የሄይቲው ባሪያ ጣቱን የቀሰረው በትክክል በአሠሪው ላይ ነበር። በኢትዮጵያ ገጠር ግን ቡዳ ተብሎ የተወገዘው የገበሬውን እህል የሚወስደው ባለ ጉልት አልነበረም፤ ማረሻ የሚቀጠቅጠው አንጥረኛ፣ ድስት የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ጋቢ የሚሸምነው ሸማኔ ነበር እንጂ። መሬት የተነፈገው ባለ እጅ፣ ሙታንን ባሪያ አድርገሃል ተብሎ ተከሰሰ። ይህ የሚያሳየው አንድ ምስል እውነትን ሊገልጥ እንደሚችል ሁሉ፣ አቅጣጫው ሲጠመዘዝ ተበዳዩን በዳይ አድርጎ ሊያቆም እንደሚችል ነው። የዞምቢም ዕጣ ከዚህ አልራቀም።

የአሜሪካ ጦር ከ1915 እስከ 1934 ዓ.ም. ሄይቲን ሲይዝ፣ ገበሬው ያለ ክፍያ መንገድ እንዲሠራ ተገደደ። አሜሪካዊው ዊሊያም ሲብሩክ በ1929 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሸንኮራ እርሻ ላይ ስለሚሠሩ ሙታን የሰማውን ለአገሩ አንባቢ አቀረበ። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ «ዋይት ዞምቢ»፣ ማለትም «ነጭ ዞምቢ» የተባለው ፊልም ወጣ። በዚህ ፊልም ውስጥ በድኖች የስኳር ወፍጮ ሲያዞሩ ይታያሉ፤ አንዱ ከወፍጮው ውስጥ ሲወድቅም ሌሎቹ ማዞራቸውን አያቋርጡም። ይህን የመሰለ የብዝበዛ ሥዕል በእጁ የያዘ ፊልም፣ የተመልካቹን ርኅራኄ የሚጠይቀው ግን ለእነዚያ ሠራተኞች አይደለም፤ በድግምት ለፈዘዘችው ለአንዲት ነጭ ሙሽራ ነው። የምስሉ ጠባይ መለወጥ የጀመረው ከዚህ ነው።

በ1968 ዓ.ም. ጆርጅ ሮሜሮ ሰው በላውን ሙት ፈጠረ። ሥራን የሚያስታውስ ምልክት ከዚያ ፊልም ቢጠፋም ሂስ ግን አልጠፋም። ጥቁሩ ጀግና ሌሊቱን ሙሉ ከሙታን ጋር ታግሎ ከተረፈ በኋላ፣ በንጋት ላይ ለማዳን በመጡ የታጠቁ ነጮች ጥይት ይወድቃል። ያው ሮሜሮ በ1978 ዓ.ም. ሙታኑን ወደ አንድ ታላቅ የገበያ አዳራሽ አስገብቶ፣ በሕይወት ሳሉ ሲያዘወትሩት በነበረው መደብር መካከል ሲንከራተቱ አሳየ። ተመልካቹ ወደ ጭራቁ ሲያይ ራሱን ማየቱ አልቀረም።

«የሚራመዱት ሙታን» የወረሰው ይህን ሁሉ ነው። በውርሱ ምን አደረገበት? ሙታኑ ስም የላቸውም፤ ሥራ የላቸውም፤ ያስነሣቸው ጌታ የለም፤ ሞት ያመጣባቸው ምክንያትም በሥዕላዊው ታሪክ ተብራርቶ አይነገርም። የሥራው ደጋፊዎች «ቁም ነገሩ ሙታኑ ሳይሆኑ ሕያዋኑ ናቸው፤ ሙታኑ የመድረክ መጋረጃ ብቻ ናቸው» ይላሉ። አባባላቸው እውነት ነው፤ ክሱም ይኸው ነው። ትናንት የስቃዩ ባለቤት የነበረው በድን ዛሬ መጋረጃ ከሆነ፣ ማን በድን አደረገው የሚለው ጥያቄ አብሮ ተቀብሯል ማለት ነው። አላፊ አግዳሚው በመንጋነቱ ብቻ ሲገደል ዓመታት ያየ ተመልካች፣ ብዙ ሕዝብ ባየ ቁጥር አደጋን ብቻ እንዲያይ ይለማመዳል።

ወደ ሕያዋኑም ሲመጣ ነገሩ ያው ነው። ኒገን የተባለው አለቃ በዙሪያው ካሉት መንደሮች ካፈሩት ሁሉ ግማሹን ይወስዳል። እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ እኩል አራሽ ይባል የነበረው ጭሰኛ ይህን ሥርዓት ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ታሪኩ ግማሹን ስለሚወስደው ሥርዓት ከሚናገረው ይልቅ፣ ሽቦ ስለተጠመጠመበት የኒገን ዱላና ስለ ፌዙ የሚናገረው ይበልጣል። ብዝበዛ የአንድ ክፉ ሰው ጠባይ ሆኖ ቀረበ። በመጨረሻው ክፍልም ኮመንዌልዝ የተባለች ከተማ ትታያለች፤ ነዋሪዋ ሁሉ ከጥፋቱ በፊት በነበረው ደረጃው ተመድቦ የሚኖርባት ከተማ ናት። እዚህ ላይ ከርክማን የመደብን ጥያቄ በቀጥታ መንካቱ ሊካድ አይገባም። ሆኖም ሕዝቡ በገዥዎቹ ላይ ሲነሣ፣ ሪክ በመካከል ገብቶ ያበርደዋል፤ ወዲያውም የገዥዋ ልጅ በጥይት ይገድለዋል። ታላቁ ጥያቄ በአንድ ቅምጥል ወጣት ቂም ተዘጋ።

የአንድን የፈጠራ ሥራ ይዘት ከተሠራበት ሁኔታ ነጥሎ መመዘን ደግሞ ግማሽ ሂስ ነው። ቶኒ ሙር በ2012 ዓ.ም. ስለ ባለቤትነት መብቱና ስለ ድርሻው ከርክማንን ከሰሰ፤ ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ። ቴሌቪዥኑን የመሠረተው ፍራንክ ዳራቦንት በ2011 ዓ.ም. ከሥራው ተወገደ፤ ጣቢያው ፊልሙን ለራሱ በርካሽ እየሸጠ ድርሻዬን አሳንሶብኛል ሲል በ2013 ዓ.ም. ክስ አቀረበ፤ በ2021 ዓ.ም. ጣቢያው 200 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ጠበቃ የማቆም አቅም ያላቸው በዚህ መልክ ተካሰሱ። አቅም የሌላቸውስ?

ለዚህ መልሱ የቪዲዮ ጨዋታው ታሪክ ነው። የ2012ቱ ጨዋታ ከቅርንጫፎቹ ሁሉ የተሻለው መሆኑን መመስከር ተገቢ ነው። ጀግናው ሊ የተባለ ጥቁር የታሪክ መምህር ነው፤ ሥራውም ወላጆቿን ያጣችውን የስምንት ዓመቷን ክሌመንታይንን ማሳደግ ነው። በአንደኛው ክፍል ላይ ተጫዋቹ ለአሥር የተራቡ ሰዎች አራት ቁራሽ ምግብ እንዲያከፋፍል ይታዘዛል። ተኩሶ መገላገል የለም፤ ማን ይብላ፣ ማን ይራብ የሚለውን መወሰንና የተከለከሉትን ዓይን ማየት ግድ ነው። ይህን ትዕይንት ያቀናበረው ኩባንያ፣ በሴፕቴምበር 2018 የመጨረሻውን ምዕራፍ በማውጣት ላይ ሳለ፣ ወደ 250 የሚጠጉ ሠራተኞቹን በአንድ ቀን ያለ ስንብት ክፍያ አሰናበተ። ስለ ቁራሽ ፍትሕ የጻፉትና የሣሉት እጆች ባዶአቸውን ወጡ። ጨዋታውን ግን የከርክማን ኩባንያ ተረክቦ በ2019 ዓ.ም. አስፈጸመው። በዚያው ዓመት የቴልቴልን ስም ሌሎች ባለ ገንዘቦች ገዝተው እንደገና አስነሡት። ሠራተኛው ተበተነ፤ ስሙ ተነሥቶ ይሠራል። የሄይቲ ገበሬ ይህን ቢያይ ምን ብሎ እንደሚጠራው አያጠራጥርም።

ለዚህ ሂስ ሁለት ዓይነት ምላሽ ይሰማል። አንደኛው «ጨዋታ ነው፤ ጨዋታን ማን ይመረምራል?» የሚለው ነው። ሕፃን በጨዋታ የለመደውን ጎልምሶ እንደ ተፈጥሮ ሕግ እንደሚቆጥረው መምህራን ያውቃሉና ይህ ብዙ መልስ አያሻውም። ሁለተኛው «ባዕድ ነው፤ ይታገድ» የሚለው ነው። ይህኛው ጥብቅ መስሎ ይታያል እንጂ ስንፍና ነው። የታገደ ሥራ በስውር ይታያል፤ ያልተመረመረ ሥራ ደግሞ ይቀዳል። አሳሳቢውም ይኸኛው ነው፤ ምስሉን ያለ ታሪኩ፣ ጭራቁን ያለ ጌታው የሚቀዳ የኪነ ጥበብ ሰው፣ ከአንጥረኛው ጋር የተሠራውን ግፍ በአዲስ ካሜራ ይደግመዋል። ስለ ቡዳ የሚጽፍ ደራሲ፣ ስለ ጅብ የሚሥል ሠዓሊ፣ ስለ ሙት መንፈስ ተውኔት የሚያዘጋጅ ሁሉ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አንድ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚሠራው ማን ነው? የሚበላውስ?

የ193ኛው እትም ታሪክ የሚፈጸመው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሰላም ሰፍኗል፤ ሙታን ብርቅ ሆነዋል። ኸርሸል የተባለ ወጣት የቀሩትን ሙታን ከቦታ ቦታ እያዞረ በገንዘብ ያሳያል። የሪክ ልጅ ካርል ከእነዚያ አንዱን በመግደሉ፣ የሰው ንብረት አጥፍተሃል ተብሎ በሕግ ፊት ይቀርባል። በድኑ ንብረት ነው፤ ባለቤት አለው፤ ገቢ ያስገኛል። ታሪኩ ከ16 ዓመት በኋላ፣ ሳያስበው ይሁን አስቦ፣ ወደ ተነሣበት ወደ ሄይቲ እርሻ ተመለሰ። ደራሲው በዚያ እትም ታሪኩን ቀበረው። ገበያው ግን አላሳረፈውም፤ በ2020 ዓ.ም. ሥዕሉን ቀለም ቀብቶ እንደገና አወጣው፤ ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮም ሌሎች የቴሌቪዥን ቅርንጫፎች አስነሣለት። ኸርሸል ትዕይንቱን አልዘጋም። በካርል ቦታ ቆሞ በድኑን የሚያሳርፍ ሂስ ካልተገኘም አይዘጋም።