የድንቹ ዘር ማን ቤት ደረሰ? ከጨንቻ የሚወሰድ የግምገማ ትምህርት

በጋሞ ዞን ደጋማ ቀበሌዎች አንድ የልማት ፕሮጀክት ሲጠናቀቅ የሚቀርበው ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ በአኃዝ የተሞላ ነው። የተከፋፈለው ዘር በኩንታል፣ የሠለጠኑት አርሶ አደሮች ወንድና ሴት ተብለው፣ የተሠሩት የዘር መጋዘኖችም በቁጥር ይዘረዘራሉ። እነዚህ አኃዞች ድርጅቱ ምን እንደ ሠራ ይናገራሉ፤ በአርሶ አደሩ ቤት ምን እንደ ተለወጠ ግን አያሳዩም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ከጨንቻ የድንች ልማት መረዳት ይቻላል።

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን በሚገኘው የጨንቻ ደጋ ድንች ከእንሰትና ከገብስ ጋር የቤተሰብ ቀለብ ነው። ቪታ የተባለው የአየርላንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት በአካባቢው የተሻሻሉ የድንች ዝርያዎችን ከአመራረትና ከዘር አያያዝ ሥልጠና ጋር አስተዋውቋል። ዘሩ በቅድሚያ ለተወሰኑ አርሶ አደሮች ይሰጣል፤ ከእነርሱም ወደ ሌሎች ይዳረሳል የሚል እሳቤ ነበር።

በኔዘርላንድ ከሚገኘው ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዙ ተመራማሪዎች ይህ እሳቤ በተግባር መፈጸሙን ፈትሸዋል። የተከፋፈለውን ኩንታል በመቁጠር ብቻ አልተወሰኑም፤ ዘሩን ከመጀመሪያው ተቀባይ ተነሥተው ወደ ሌሎች አርሶ አደሮች እስከ ተሻገረበት ድረስ ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናታቸው እንደሚያመለክተው ዘሩ በእርግጥ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። የተጓዘው ግን በዝምድና፣ በጉርብትናና በወዳጅነት መስመር በመሆኑ ለሁሉም እኩል አልደረሰም፤ ድሆች ቤተሰቦች የማግኘት ዕድላቸው ጠባብ ነበር። ስለ አመራረቱና ስለ ዘር አያያዙ የተሰጠው ዕውቀትም ከዘሩ ጋር በእኩል መጠን አልተሻገረም። ምክረ ሐሳቡን በተሟላ ሁኔታ ለመተግበር የተሻለ አቅም የነበራቸውም ሀብት ያላቸው ገበሬዎች ነበሩ።

የዚህ ግኝት ፋይዳ ፕሮጀክቱን ለማጣጣል አይደለም። ምርት ለመጨመር የተደረገው ጥረት ውጤት ቢኖረውም «ለማን?» የሚለው ጥያቄ ካልተነሣ ግን ጥቅሙ የማይደርሰው ቤት ከዕይታ ውጭ ይቀራል። መንገዱ ከታወቀ ደግሞ ማስተካከል ይቻላል። ከመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች መካከል ድሆችንና ሴት አባወራዎችን ማካተት፣ ሥልጠናውንም ዘሩን ከጎረቤት ለወሰደው አርሶ አደር ማዳረስ ከግኝቱ በቀጥታ የሚመነጩ እርምጃዎች ናቸው።

እንዲህ ያለ ክትትል አዘውትሮ የማይታየው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ጊዜ ነው። የፕሮጀክት ዕድሜ በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሲሆን እውነተኛው ለውጥ የሚታየው ድርጅቱ አካባቢውን ከለቀቀ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሌላው ሪፖርቱ የሚጻፍለት አካል ነው። ሪፖርት የሚቀርበው ገንዘብ ለሰጠው ለጋሽና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በመሆኑ፣ ድክመትን በግልጽ መጻፍ ቀጣዩን ድጋፍ ያሳጣል የሚል ስጋት አለ።

ሦስተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ በዚህ ረገድ ሕጉም ድርሻ ነበረው። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። በወጣው መመሪያ ለክትትልና ግምገማ የሚውል ወጪ ሳይቀር በአስተዳደር ሥር ይመደብ ስለነበር፣ ድርጅቶች ወደ ቀበሌ ወርዶ ለማጣራት እጃቸው ያጥር እንደነበር በተደጋጋሚ ሲገልጹ ቆይተዋል። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን ጣሪያ ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢያደርግም፣ የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘው መሆኑን ደንግጓል። በመሆኑም የፕሮጀክቱን ውጤት ለመመርመር የሚወጣ ገንዘብ እንደ ቀድሞው በአስተዳደር ጣሪያ የሚታጠርበት ምክንያት ጠብቧል።

ድርጅቶች ከመንግሥት ቢሮዎች ጋር በሚፈራረሙት የፕሮጀክት ስምምነት መሠረት የአጋማሽና የማጠቃለያ ግምገማ ይካሄዳል። ይሁን እንጂ ግምገማው የመስክ ጉብኝትና የሰነድ ማመሳከሪያ ብቻ ከሆነ፣ የሚጎበኘው የሞዴል አርሶ አደሩ ማሳ፣ የሚሰማውም የተጠቃሚው ድምፅ ይሆናል። ዘሩ ያልደረሳትን እናት የሚጠይቃት አይኖርም።

የጋሞ ሕዝብ የጋራ ጉዳዩን በአደባባይ የሚመክርበት፣ ቅሬታ የሚሰማበትና ዕርቅ የሚወርድበት ዱቡሻ አለው። የግምገማ ውጤት በቢሮ መደርደሪያ ከሚቀር ጉዳዩ የሚመለከተው ሕዝብ በሚሰበሰብበት፣ በሚያውቀው ቋንቋ ቢነገር አርሶ አደሩ ሪፖርቱን ከሚያውቀው እውነት ጋር ማስተያየት ይችላል። ዘሩ ለማን ተሰጠ? ከዚያስ ወደ ማን ተሻገረ? በሦስተኛው ዓመት ማን ይዘራዋል? ሳይደርሰው የቀረውስ ማን ነው? እነዚህ አራት ጥያቄዎች የባለሙያ ሰነድ አይጠይቁም፤ መልሳቸውም በየቀበሌው አለ። ቀጣዩ ፕሮጀክት ከመፈረሙ በፊት መልሱ በጽሑፍ ከተያዘና ዕቅዱ በዚያ መሠረት ከተስተካከለ፣ ያለፈው ድካም ለሚመጣው ትምህርት ይሆናል።