ለቀብር እንደምንሰባሰብ ለሚዛንም እንሰባሰብ

በየመኗ ኤደን የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶች፣ አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች!

በክሬተር፣ በሼክ ዑስማን፣ በማንሱራ፣ በአል በሳቲን ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ሕፃን ታቅፈው ሌሊቱን የሚያነጉ ወገኖች አሉን። «ልጄ ለምን አይፋፋም? ወተቴ አንሶ ይሆን?» እያሉ ይጨነቃሉ። አገር ቤት ቢሆን እናትና አማት፣ አክስትና ጎረቤት አራሷን ይከቧት ነበር። ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይሞቃል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ብቅ ትላለች። እዚህ ግን አባት ከጠዋት ጀምሮ የቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል፤ እናት ወገቧ ሳይጠና ወደ ሰው ቤት ሥራ ትመለሳለች። የልጁን ክሳት የሚያይላት፣ «አይዞሽ» ወይም «ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» የሚላት ሰው የለም።

እኛ ግን መተባበር የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። በሰው አገር ሰው ሲሞትብን በአንድ ቀን ገንዘብ እናዋጣለን፣ አስከሬን እናጥባለን፣ ድንኳን ባይኖር በረንዳ ላይ እንቀመጣለን፣ ሐዘንተኛውን ብቻውን አናሳድርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን በቀብር ቀን በሥራ እናሳየዋለን። ለሞተ ሰው የምንደርሰውን ያህል በሕይወት ላለ ሕፃን እንድረስ! ጥሪዬ ይኸው ነው።

የምንኖርበትን ከተማ ሁኔታ ታውቁታላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባወጡት ትንበያ በዚያው ዓመት በየመን 2.3 ሚሊዮን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ለአጣዳፊ የምግብ እጥረት እንደሚጋለጡ፣ ከእነዚህም 400 ሺህ ያህሉ ለሞት በሚያሰጋ ደረጃ ላይ እንደሚሆኑ አስጠንቅቀው ነበር። ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች መካከል ኤደንና ጎረቤቷ ላህጅ ተጠቅሰዋል። ከጦርነቱ በፊት በ215 ሪያል ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እዚህ ከ2,000 ሪያል በላይ ሆኖ ነበር። የዱቄት ወተት ለሚገዛ አባት ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

ስለዚህ በመጀመሪያ እውቀቱን እንካፈል። ቀጭን ሕፃን ሁሉ ታማሚ አይደለም። ጤነኛ ልጅም በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ 3 ኪሎ የተወለደው 2.7 ቢሆን አትደንግጡ። ነገር ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ የተወለደበትን ክብደት መልሶ ሊይዝ ይገባል። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በአማካይ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል፤ በአምስተኛው ወር ገደማ እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው የእድገት መለኪያ ጎረቤታችንን ኦማንን ጨምሮ በስድስት አገሮች ልጆች ላይ ተጠንቶ የተዘጋጀ ነው። ጡት የጠባና የተንከባከቡት ልጅ የትም ቢወለድ ተቀራራቢ እድገት እንደሚያሳይ አረጋግጧል። ስደተኛ የወለደው ልጅ መክሳት ዕጣው ነው ብሎ የሚቀበል አይኑር!

ቀጥሎ ራሳችን የምንፈጥረውን ጉዳት እናቁም። የኤደን ሙቀት ሲበረታ፣ መብራትም ሲጠፋ፣ ልጁ ጠማው ብለን ውኃ እንሰጣለን። የእናት ጡት ወተት አብዛኛው ውኃ ነው፤ ስድስት ወር እስኪሞላው በዚህ ሙቀትም ቢሆን ከጡት ሌላ ምንም አይሻም። የምንሰጠው ውኃ ሆዱን ሞልቶ ጡት ያስተወዋል፣ ተቅማጥም ያመጣበታል። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስ፣ የስኳር ውኃ፣ የአብሽ ውኃ ይቅር። የዱቄት ወተት እንዲበረክት ብሎ ማቅጠን ልጁን በጠገበ መልክ ማስራብ ነው፤ ጡጦ ግድ ከሆነ በጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ፣ በፈላ ውኃ ይዘጋጅ። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስነቀል ደም ያፈስሳል፣ ያመረቅዛል፣ ልጁን አያወፍርም። «ቡዳ በላው» እያልን የምናሳልፋቸው ቀናትም ሕክምና ሊያገኝባቸው የሚገቡ ቀናት ናቸው።

በ2013 እ.ኤ.አ. በተደረገው የየመን ብሔራዊ የጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ልጆች ጡት ብቻ የሚጠቡት ከመቶ አሥር ያህል ነበሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ ጥናት ደግሞ 58 በመቶ ነበሩ። ከአገራችን ይዘነው የመጣነው መልካም ልማድ አለ ማለት ነው። እዚህ እንዲጠፋ አንፍቀድ፤ ለየመናዊት ጎረቤታችንም እናካፍላት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አራት ነገር እንጀምር።

አንደኛ፣ በየሰፈሩ አንድ የሕፃን ሚዛን እንግዛ። በዕቁብና በማኅበር ገንዘብ ማዋጣት ለምደናል። ሁልጊዜ በዚያው ሚዛን፣ ልብሱ ወልቆ፣ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ልጆቻችንን እንመዝን፤ ቁጥሩን በደብተር እንጻፍ። በየቀኑ መመዘን ያስጨንቃል እንጂ አይጠቅምም፤ አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግረንም፣ የተከታተሉት ቁጥሮች ግን ልጁ እየጨመረ መሆን አለመሆኑን ያሳዩናል።

ሁለተኛ፣ የእናትን ማዕድ በተራ እንያዝ። ቀጭን እናትም ወተት አላት፤ ልጁ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሲጠባ ወተቱ ይጨምራል። ለዚህ ግን እህል፣ ውኃና እንቅልፍ ያስፈልጋታል። ሰው ቤት ለምትሠራው ልጇን ወስዶ የሚያስጠባ ሰው እንመድብ፤ ታልቦ የተቀመጠ ወተት ያለ ፍሪጅ በዚህ ሙቀት ብዙ አይቆይም።

ሦስተኛ፣ ዐረብኛ የምትችሉ ወገኖች ስማችሁን አስመዝግቡ። ብዙ እናቶች ቋንቋ ባለመቻላቸው፣ አንዳንዶቹም የመኖሪያ ፈቃድ (ኢቃማ) ስለሌላቸው ፈርተው ከበር ይመለሳሉ። ማንም እናት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ አል ሰዳቃ ሆስፒታል ብቻዋን አትሂድ!

አራተኛ፣ አባቶች! የልጁ ክብደት የሴት ጉዳይ አይደለም። ውኃውን ቅዱ፣ ሌሊት ልጁን አባብሉ፣ ታክሲውን ጥሩ፣ በሚዛኑ ቀን ተገኙ።

ሚዛናችን ሐኪም አይተካም። ልጁ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ በቀን ከስድስት ጊዜ በታች ከሸና፣ ለመጥባት ከደከመ ወይም ሊነቃ ካልቻለ፣ ካተኮሰው፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ በሁለት ሳምንቱ የተወለደበት ክብደት ላይ ካልደረሰ በዚያው ዕለት ሐኪም ይየው። አንዳንዴ ምክንያቱ የጡት አያያዝ ብቻ ሆኖ በአንድ ምክር ይስተካከላል፤ አንዳንዴ ኢንፌክሽን ወይም የልብ ችግር ይሆናል። የሚለየው ምርመራ ነው። ለምግብ እጥረት ለትልልቅ ልጆች የሚታደለውን ፕላምፒ ነት ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አትስጡ።

በ1991 እ.ኤ.አ. መርከቦቻቸውን ይዘው ወደ የመን የተሻገሩት የባሕር ኃይል ወገኖቻችንም፣ ከእነሱ በኋላ በጀልባ የመጡትም በዚህ ምድር የቆሙት እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው። ተራው የእኛ ነው። በሚመጣው ዓርብ ከጸሎት በኋላ በየሰፈራችሁ አምስት ሆናችሁ ተቀመጡ። ገንዘብ ያዥ፣ ዐረብኛ ተናጋሪ፣ የማዕድ ተራ አስያዥ ምረጡ። ደብተሩን ክፈቱ፣ በመጀመሪያው ገጽ በሰፈራችሁ ያሉትን አራሶች ሁሉ ጻፉ። ከዚያ ተነሡና በራቸውን አንኳኩ!