የሆድ ትል የአንጀት ቁስለት መድኃኒት አይደለም!

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ዶክተር፣ ትል የአንጀት ቁስለትን ያድናል የሚባለው እውነት ነው? መድኃኒቴን ላቁም?»

አያቁሙ።

ሐሳቡ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም፤ ይህን አልክድም። ክሮንስ እና አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የምንላቸው ሕመሞች የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን አንጀት ሲያጠቃ የሚመጡ ናቸው። ትል ደግሞ ሆድ ውስጥ ተደላድሎ ለመኖር ይህንኑ ኃይል ያለዝባል። እዚሁ አገራችን ጅማ ላይ ተሠርቶ በ2001 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ መንጠቆ ትል ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። በ2005 ደግሞ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ እነ ዶ/ር ጆኤል ዋይንስቶክ የአሳማ ትል እንቁላል ለ29 የክሮንስ ሕሙማን ሰጥተው፣ ከ10 ሰው ወደ 8ቱ ተሻላቸው ብለው ጻፉ።

ቪዲዮ የሚሠሩልን ሰዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ቀሪውን ልንገራችሁ። በዚያ የክሮንስ ጥናት እንቁላሉን ያልወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። ክሮንስ ደግሞ በራሱ ጊዜ የሚነሳና የሚተኛ በሽታ ነው። በ2013 በ250 ሕሙማን ላይ በማነጻጸሪያ ሲሞከር፣ እንቁላሉን የጠጡትና ባዶውን ፈሳሽ የጠጡት ልዩነት አላሳዩም። በአውሮፓም ተመሳሳይ ሙከራ ተስፋ ስላልታየበት ተቋረጠ።

«እኛ ከፒያሳ ሥጋ ቤት በነጻ እናገኘው የለ እንዴ?» ብሎ የቀለደብኝ አለ። ወንድሜ፣ በቁርጥ የሚገባው የኮሶ ትል ሌላ ነው። የተሞከረው በላቦራቶሪ ተጣርቶና ተቆጥሮ የተዘጋጀ፣ ሰው ሆድ ውስጥ ብዙ የማይቆይ የአሳማ ትል ነው። መንጠቆ ትል ደም ይመጣል፤ ሕመምተኛው ደግሞ ድሮውንም እየደማ ነው። ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል ያለበት ሰው ፕሬድኒሶሎን ሲወስድ ትሉ መላ ሰውነቱን ሊወር፣ ሊገድለውም ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ብዙ የአንጀት ሕሙማን የሚወስዱት መድኃኒት መሆኑን ልብ ይበሉ። «ትሉን አትግደሉት» የሚሉትን ሰምተው ልጅዎን በትምህርት ቤት ከሚታደለው የትል ክኒን አይከልክሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ለወራት ይዞት «አሜባ ነው» እየተባለ ሜትሮኒዳዞል ደጋግሞ የሚውጥ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ! ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ይከርማል። «የፈረንጅ በሽታ» ስለሚባል ኮላይቲስን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ይህ ሰው ትል ሳይሆን ምርመራ ነው የቸገረው።

ስለዚህ፦ ደም ያለው ተቅማጥ ከሳምንታት በላይ ከቆየብዎ፣ ከከሱ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ኮሎኖስኮፒ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብለው ይጠይቁ። ናሙናም ይወሰድ፤ የአንጀት ቲቢ ክሮንስን መስሎ ይመጣል፣ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። መድኃኒት ጀምረው ከሆነ ደግሞ ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቋረጥ በራሱ አደጋ አለው፤ መጀመሪያ ሐኪምዎን ያናግሩ።