«ተምረህ ተምረህ ኳስ ልትጫወት?» ከማለታችሁ በፊት

ውድ ወላጆች፣

የዲፓርትመንት ምርጫ በደረሰ ቁጥር በብዙ ቤት የሚደገም ነገር አለ። ልጁ «ስፖርት ሳይንስ እፈልጋለሁ» ይላል። አባት ይቆጣል፣ እናት ታዝናለች፣ አጎት ደግሞ «ነጥብ አልመጣለት ብሎ ነው» ይላል። አሜሪካ ባሉ ቤተሰቦቻችንም ልጅቷ «ኪኔሲዮሎጂ» ስትል መልሱ ያው ነው፦ «ለምን ነርሲንግ አትገቢም?»

እንደ ሐኪም በግልጽ ልናገር። ይህ ንቀት የሚጎዳው ትምህርቱን የመረጠውን ልጅ ብቻ አይደለም። ሜዳ ላይ የሚሮጠውን ልጃችሁንና ስኳር ያለባቸውን እናታችሁንም ይጎዳል።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

ኪኔሲዮሎጂ የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ ነው፤ ተማሪው አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ አሠራር ይማራል። ስፖርት ሳይኮሎጂ ፍርሃትን፣ ጭንቀትንና ከጉዳት በኋላ የሚመጣን ተስፋ መቁረጥ ያጠናል። አትሌቲክ ትሬኒንግ ደግሞ ጉዳትን መከላከል፣ ሜዳ ላይ የመጀመሪያ እርዳታ መስጠትና ተጎጂውን ደረጃ በደረጃ ወደ ስፖርት መመለስ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1990 እ.ኤ.አ. የጤና ሙያ ብሎ ዕውቅና የሰጠው ነው። «ኳስ መጫወት» የምትሉት ይህንን ነው።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ልጃችሁ ወደሚጫወትበት ሜዳ ኑ።

1. ሁለት ልጆች በቴስታ ተጋጩ። አንዱ ወድቆ ተነሳ፣ ግን ግራ ገብቶታል። ውሃ ተረጭቶበት «አይዞህ፣ ጀግና ነህ» ተብሎ ይመለሳል። የተማረ ሰው ቢኖር ግን ልጁ በዚያ ቀን አይጫወትም፣ ሐኪም ሳያየውም ወደ ሜዳ አይመለስም። አንጎሉ ሳያገግም ሁለተኛ ምት ካገኘው ጉዳቱ እጅግ ሊከፋ ይችላል። ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ ከጨመረ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ካንቀጠቀጠው ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

2. ክንዱ ተሰበረ። በቀርከሃ ጠብቆ ይታሰራል። እጁ ሲያብጥ፣ ሲደነዝዝ፣ ሲጠቁር «ይለቀዋል» ይባላል። ደም ያልደረሰው እጅ ግን ይሞታል፤ በዚህ ምክንያት እጃቸውን የተቆረጡ ሕፃናት በአገራችን አሉ።

3. ሯጯ ልጃችሁ የወር አበባዋ ቀረ። «ጥሩ ነው፣ ቀሎሻል» ይሏታል። ጥሩ አይደለም! ብዙ ጊዜ የምትበላው ለምትሮጠው አልበቃም ማለት ነው፤ አጥንቷም ይዳከማል፣ ይሰነጠቃል።

4. ልጁ ማንም ሳይነካው ወደቀ፣ አይተነፍስም። ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ዋንጫ ጨዋታ መሀል ልቡ ቆሞ ነበር። የተረፈው ሜዳው ላይ ደረቱን የሚጫን የሠለጠነ ሰውና ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ መሣሪያ ስለነበረ ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት እያንዳንዷ ደቂቃ ሕይወት ናት። ልጃችሁ በሚጫወትበት ሜዳ ይህን የሚያውቅ ማን አለ?

ታካሚዎችስ?

ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ «እንቅስቃሴ አድርጉ» ተብላችሁ ታውቃላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ግን ጉልበታቸው የሚያማቸው እናት እንዴት ይጀምሩ? እግሩ የደነዘዘ የስኳር ታካሚ የትኛውን ይምረጥ? ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ እንዳይወርድበት ምን ይጠንቀቅ? እንደ መድኃኒት ሁሉ እንቅስቃሴም መጠን አለው። ከሐኪሙ ጋር ሆኖ ያንን መጠን የሚለካ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሐኪምን ወይም ፊዚዮቴራፒስትን አይተካም፣ ግን ዛሬ ባዶ የሆነ ቦታ ይሞላል።

«ሥራ የለውም» ትሉኛላችሁ። ስጋታችሁ ይገባኛል፣ ተመርቀው ቤት የተቀመጡ አሉ። ግን ለአካዳሚና ለጂም በየወሩ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ለማልያና ለጫማ ትጠይቃላችሁ፣ ስለ አሠልጣኙ ትምህርት ግን አትጠይቁም። ከፋዩ ካልጠየቀ ማን ይቀጥራቸዋል? ዩኒቨርሲቲዎችም የተረፈ ተማሪ ማስቀመጫ አድርገው እንዳያዩት መጠየቅ አለብን። ልቡ የሌለበትን ልጅ አስገብቶ ጎበዝ ባለሙያ መጠበቅ ከንቱ ነው።

የበቆጂውን አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን አስቡ። የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእሳቸው እጅ አልፈዋል። በሜዳሊያው እልል ያለ ሕዝብ ሙያውን ሲንቅ አያምርበትም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርጉ፦

- የልጃችሁን አሠልጣኝ በአክብሮት ጠይቁ፦ ምን ተምረዋል? የመጀመሪያ እርዳታ ሠልጥነዋል? ልጅ ራሱን ቢመታ ምን ያደርጋሉ? መልስ ከሌለ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆናችሁ ለውጥ ጠይቁ።
- ልጃችሁ ይህን ትምህርት ከመረጠ አትሳቁበት። «የት ትማራለህ? ተግባራዊ ልምምዱስ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እውነተኛው ጥያቄ ይሄ ነው።

ልጅ ያለው ሁሉ ያንብበው፣ ሼር አድርጉት። ጤና ይብዛላችሁ!