ትምህርት በመስከረም፣ ገንዘብ በኅዳር፦ የደንብ ልብስ በሺሺንዳ

የደንብ ልብስ፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ቀለሙንና ስፌቱን ወስኖ ተማሪው በየዕለቱ እንዲለብሰው የሚያዘው ልብስ፣ በኢትዮጵያ ትምህርት በነጻ ይሰጣል ከተባለም በኋላ በወላጅ ትከሻ ላይ የቀረ ወጪ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ቢደነግግም፣ ብትን ጨርቅ የመግዛትና ለልብስ ሰፊ የመክፈል ግዴታ ከቤተሰቡ አልወረደም። የልብሱን ዓይነት በአብዛኛው የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው፤ ውሳኔውም ወተመህ ተብሎ በሚጠራው የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት በኩል ስለሚያልፍ፣ ደንቡን ማላላትም ሆነ ማጥበቅ ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በካፋ ውስጥ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሺሺንዳና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ይህ ወጪ የሚመጣበት ጊዜ ከመጠኑ ያልተናነሰ ችግር ይፈጥራል። የካፋ ገበሬ በእጁ ጥሬ ገንዘብ የሚያገኘው በዋናነት ከቡና ሲሆን፣ ቡናው ቀልቶ የሚለቀመው በአመዛኙ ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ትምህርት ቤት ግን ክረምቱ ጎተራውን አራቁቶ ባለፈ ማግስት፣ ቡናው ገና ከዛፉ ሳይወርድ ይከፈታል። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ልጆች የሚያስተምር ቤተሰብ ወይ ከነጋዴ ተበድሮ ያልደረሰ ቡናውን በርካሽ አስቀድሞ ለመሸጥ፣ ወይ አንዱን ልጅ አልብሶ ሌላውን ለማስቀረት፣ አለዚያም ሁሉንም እስከ ለቀማው ማብቂያ ለማዘግየት ይገደዳል። በለቀማው ወራት ደግሞ የልጁ ጉልበት በማሳው ስለሚፈለግ፣ በልብስ ሰበብ ከቤት የዋለ ልጅ በሥራ ምክንያት እዚያው የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። ዝናቡም አለ፦ ካፋ አብዛኛውን ዓመት ዝናብ የማያጣው አገር በመሆኑ፣ አንድ ቅያሪ ብቻ ያለው ልጅ በጭቃ የተበላሸውን ልብስ ማታ አጥቦ ጠዋት ደርቆ አያገኘውም። በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ዩኒት ሊደሩ፣ ማለትም የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረው መምህር፣ ከሰልፉ የሚያወጣው ልጅ እንግዲህ ብዙውን ጊዜ ያጣ እንጂ ያጠፋ አይደለም።

ደንቡ ይህን ያህል የሚያስቸግር ከሆነ ፈጽሞ ይቅር የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም፤ ይህ ጽሑፍ ግን በዚያ አይስማማም፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ካፋ ውስጥ ነው። ማንጆ የሚባሉት ወገኖች፣ በአደን፣ በጫካ ማርና በማገዶ ሽያጭ የሚታወቁት የዚያው አገር ተወላጆች፣ ከሌላው የካፋ ሕዝብ (ካፊቾ) ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ ወደ ቤት እንዳይዘልቁና በጋብቻ እንዳይዛመዱ ተደርገው ለረጅም ዘመን ኖረዋል። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት፣ በኢትዮጵያ ስለተገለሉ ማኅበረሰቦች በሚያትተው መጽሐፍ ውስጥም የካፋው ጉዳይ ተካትቷል። የመገለሉ ሰበብ ሆነው ከሚጠቀሱት አንዱ አለባበስና ንጽሕና ስለሆነ፣ ለማንጆ ልጅ ከሌሎቹ ጋር አንድ ቀለም ለብሶ በአንድ ወንበር መቀመጥ ተራ ነገር አይደለም። የደንብ ልብስ መገለልን አይሽርም፤ ጎረቤት ማን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃልና። ሆኖም በጓደኞቹ ዘንድ ከሚያስነቅፉት ምክንያቶች አንዱን፣ ያውም ለዓይን የቀረበውን፣ ይነሣል። በሌላ በኩል ያው ደንብ ልብሱን መግዛት ያልቻለውን ልጅ በቀለም ለይቶ ስለሚያሳየው፣ ከሁሉም በላይ መመሳሰል የሚያስፈልገው ልጅ ከሁሉም በላይ የሚጎዳበት ይሆናል።

በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ወላጅ ይህን የልጅ የመመሳሰል ፍላጎት በገዛ ቤቱ ያውቀዋል። በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በለንደን የሚያድግ ልጅ የተወሰነ ዓይነት ጫማ ካልተገዛልኝ ብሎ ሲያለቅስ፣ ወላጁ ቅብጠት አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ልጁ የሚጠይቀው ግን ከእኩዮቹ መካከል የሚቆምበትን ስፍራ ነው። የአሜሪካዋ ሎንግ ቢች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 ለአንደኛና ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎቿ የደንብ ልብስ ስትደነግግ አንዱ ዓላማዋ በልብስ መለያየትን ማስቀረት ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስን ወጪ ከወላጅ አቅም ጋር እንዲያመዛዝኑ ያስገድዳል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2011 ፍርድ ቤት፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ፀጉር ይዞ በመምጣቱ የተከለከለን ጥቁር ተማሪ ጉዳይ አይቶ እገዳው ሕገ ወጥ ነው ማለቱም ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ መመሳሰል በደንብ ሲታዘዝ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን እስከ መፋቅ መድረስ የለበትም።

ልብስ በነጻ ሲሰጥ ምን እንደሚለወጥ በጎረቤት ኬንያ ተጠንቷል። ዴቪድ ኢቫንስ፣ ማይክል ክሬመርና ሙቶኒ ንጋቲያ ባካሄዱት ጥናት የደንብ ልብስ የተሰጣቸው ልጆች ከትምህርት ገበታ መቅረት በብዙ ቀንሷል፤ ቅነሳውም ይበልጥ የጎላው ቀድሞ ልብሱ ባልነበራቸው ልጆች ላይ ነው። ጥቅሙ ግን ከዓመታት በኋላ ደብዝዞ ተገኝቷል፤ ልጅ ስለሚያድግና ጨርቅ ስለሚያልቅ፣ አንዴ ተሰጥቶ የሚቆም ልብስ ሩቅ ያደርሳል ተብሎ መጠበቅም አልነበረበትም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስና የትምህርት ቁሳቁስ ማቅረብ የጀመረው በራሱ በጀት ነው። በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው፣ ካፋም በሚገኝበት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ የሚገኙ የገጠር ወረዳዎች በዋና ከተማዋ በጀት ሊለኩ አይችሉም፤ የውጭ ነዋሪው እጅ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

የካፋ ተወላጆችም ሆኑ ሌሎች ኢትዮጵያውያን በውጭ ሆነው ሲረዱ ልባሽ ጨርቅ በሻንጣ መላክ የተለመደ ነው። አሳቡ በጎ ቢሆንም፣ ከውጭ የመጣ ሹራብ የለበሰ ልጅ ከሰልፉ መካከል ተለይቶ ይታያል እንጂ አይመሳሰልም። የሚሻለው ገንዘቡ እስከ ሰኔ ድረስ ደርሶ፣ ብትን ጨርቁ ከቦንጋ ተገዝቶ፣ በሺሺንዳ ልብስ ሰፊዎች እጅ በነሐሴ እንዲሰፋ ማድረግ ነው፤ ልጁ ሲያድግ እንዲለቀቅም በእጅጌውና በቁርጭምጭሚቱ በኩል ሰፋ ያለ ትርፍ ጠርዝ ይተውለት። ልብሱ ድሆች ለተባሉት ብቻ ሳይሆን ለአንድ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ይሰፋ፤ ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ከ1ኛ ክፍል ተጀምሮ በየዓመቱ አንድ ክፍል ይጨመር። ሲታደልም ልጆቹን አሰልፎ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለለጋሾች መላክ ይቅር፤ ሒሳቡን የወተመህ ሰብሳቢና የልብስ ሰፊው ደረሰኝ ያሳያሉ። ከገንዘቡም ጋር አንድ ጥያቄ ለትምህርት ቤቱ ቢቀርብ ተገቢ ነው፦ የቡናው ገንዘብ ከገበሬው እጅ እስኪገባ፣ ማለትም እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ በደንብ ልብስ ምክንያት ማንም ልጅ ከበር እንዳይመለስ።